ሻለቃ ደረጃ አልወጣም አለ

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ይድረስ ለአንተዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ መቼም ይሄ ለወጉ ነው። ተኳርፈን ከተለያየን ወዲህ ላልጽፍልህ ምዬ ነበር። መሐላዬን ያስፈረሰኝ ውሻህ ሻለቃ ነው።

ያ ኮትህ ውስጥ ደብቀህ ያመጣኸው ቡችላ አርጅቷል። ስትሄድ ሽበቱ አፉ ዙሪያ ብቻ ነበር፤ አሁን ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ጆሮው ከድቶታል። በር ስከፍትለት በተከፈተው በኩል መውጣቱን ትቶ ማጠፊያው ጋ ሄዶ ይቆማል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሱ ግድግዳውን እያየ እስኪከፈትለት ይጠብቃል! መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። አሁን አንገቱን ይዤ አዞረዋለሁ።

ልብስ ስሰፋ አገጩን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አስደግፎ ይተኛል። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በእጄ ስሰፋ እውላለሁ። አንዷ ደንበኛዬ "ቀሚሴ የሚያልቀው ሻለቃ ጡረታ ሲወጣ ነው?" አለችኝ። ሳቅሁላት። ስትወጣ ግን አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃው ሥር ቆሞ አልወጣም አለ። የፊት እግሩን ያነሳል፣ የኋላው አይከተለውም። ከታች ያለው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ በአንሶላ ወገቡን አንጠልጥለን እንድናወጣው ረዳኝ። "አይዞሽ፣ ወረፋው ለሁላችንም ነው" አለኝ እያለከለከ።

ትናንት በሾፌሩ መኪና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰድነው። ሐኪሙ ወገቡን ሲነካው ሻለቃ እጁን ላሰው።

"እህቴ፣ እርጅና ነው፤ መድኃኒት አይመልሰውም። ሕመሙም ከባድ ነው። ከፈቀድሽ በመርፌ፣ ሳይሰማው ያርፋል።"

"ዛሬ?"

"አንቺ ባልሽ ቀን።"

ልል ያሰብኩት "ባለቤቱን ልጠይቅ" ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ባለቤቴን ልጠይቅ" ሆነ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ውሻዬን ታቅፌ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ወለሉ ላይ ሸናና ፊቱን ወንበር ሥር ደበቀ። ውሻ ያፍራል እንዴ? "ምንም አይደል፣ የኔ ጌታ፣ ማንም አላየም" አልኩት። እንደማይሰማኝ እያወቅሁ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ሲያቃስት አጠገቡ እተኛለሁ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ብላ ስለው ይበላል፤ እንዳይከፋኝ ብሎ ይመስለኛል።

መርፌውን ብፈቅድ በገዛ እጄ አሳልፌ የሰጠሁት ይመስለኛል። ብከለክል ደግሞ ሥቃዩን የማቆየው ለራሴ ብዬ ነው። እዚህ ቤት ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ የለማ። ሁለቱንም አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ "አምላኬ፣ አንተው በእንቅልፉ ውሰድልኝ" እልና፣ ትንፋሹ ትንሽ ሲዘገይ ደንግጬ እነቀንቀዋለሁ።

እንድትመጣ አይደለም የጻፍኩት። ይሁን በለኝ፣ ወይም አይሁን በለኝ። ስልክ ብትደውልም አነሳለሁ። ብቻ አደራህን፣ "እንዳሻሽ" አትበለኝ።

ባለህበት ክፉ አይንካህ፤ እንቅልፍህ የሰላም ይሁን።

እኔው ነኝ