ኮምፒውተራችንን ይዘው ጠፈር ለገቡት ዳይሬክተራችን

አሰብ፣ ግንቦት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ውድነህ
የባሕረ ብርሃን የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት ቀዝቃዛ ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ኮምፒውተሩ የት ገባ? ይህን ጥያቄ በማዕከላችን በር ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ሠልጣኙም፣ የሠልጣኝ ወላጅም፣ ውኃ የሚያመጣልን ባለጋሪም ሳይቀር ጠይቆታል። እኔም የኮምፒውተር አስተማሪ ተብዬ የተቀጠርኩ እንደመሆኔ መልሱን በአደባባይ መስጠት ግዴታዬ መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ደፍሬያለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የኤርኮንዲሽነሩ ብርድ ጉንፋን እንዳላስያዘዎት፣ ወገብዎም ከረጅሙ የጠፈር ጉዞ የተነሣ እንዳልተጎዳ፣ የሚገዟቸው ስድስት ፕላኔቶችም በሰላም ውለው እንደሚያድሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ከግድግዳው ወዲህ ያለነው እኛ፣ ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያመላለሰልን፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ወላጆቼ ወደሚኖሩባት ወደዚህች ከተማ ስመለስ፣ ጓደኞቼ ሁሉ «አሰብ ሄደሽ ለዓሣ ኮምፒውተር ልታስተምሪ ነው?» ብለው ስቀውብኛል። እኔ ደግሞ ወደብ ያለው ከተማ ከማንም ቀድሞ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል ብዬ ተከራክሬያቸዋለሁ፤ አሁንም እከራከራለሁ። ከሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጨዋታ የያዙ አምስት ዲስኬቶች ነበሩ። ተጫዋቹ ከአንዲት ፕላኔት ተነሥቶ፣ መርከብ ሠርቶ፣ ሰፋሪ ልኮ፣ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር ሲያሻው ተዋግቶ ሲያሻው ተስማምቶ ጠፈርን የሚያስተዳድርበት ጨዋታ ነው። ማሽኑ ላይ የጫንኩት እኔ ራሴ ነኝና ኃጢአቴን አልደብቅም። ማውስ ነክተው የማያውቁ እጆችን ለማፍታታት ከእርሱ የተሻለ መላ አላገኘሁም ነበር። የአርባ አንድ ዓመቱ የወደብ ክሬን ሠራተኛ ሀሰን ማውሱን በመጀመሪያው ቀን እንደ ክሬን እጀታ ጨብጦ ጠረጴዛውን ሊያነሣው ምንም አልቀረውም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የመርከቦቹን ጉዞ ከእኔ አስበልጦ ይመራ ነበር።

ማዕከሉ ከነበሩት ሦስት ኮምፒውተሮች ሁለቱ በጨው አየርና በሙቀት ሞተዋል። የቀረውን አንዱን መጋቢት 3 ቀን «ከሙቀት ለመጠበቅ፣ ለሁለት ሳምንት» ብለው ወደ ቢሮዎ አስገቡት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታውን የሚጫወቱበት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁለቱ ሳምንት ዛሬ ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ለምስክር ወረቀት የሚፈትኑን ፈታኝ ከአስመራ የሚመጡት ግንቦት 26 ቀን ነው። ዐሥራ አራት ሠልጣኞች አሉን፤ የቀረንም ዐሥራ አራት ቀን ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በጨዋታው ላይ ያጋጠሙዎትን ችግሮች መፍትሔም አብሬ አያይዣለሁ፤ ሌላው ቢቀር በአንዱ በኩል እንድንጠቀም።

፩ኛ፦ ጨዋታው አልነሣም ሲል ስላደረጉልን ውለታ። በሚያዝያ መጀመሪያ ማሽኑ «ሜሞሪ አልበቃኝም» የሚል ጽሑፍ ባወጣልዎ ጊዜ፣ አስተማሪዋን መጥራት እርሷን ማድከም ነው ብለው በማሰብ፣ የሠልጣኞቹ የሦስት ወር ሥራ የተቀመጠበትን የሃርድ ዲስኩን ክፍል በገዛ እጅዎ ጠርገው ስላጠፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁንና ሜሞሪ ማለት የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ መደርደሪያው ነው። ጠረጴዛ ጠበበኝ ብሎ መደርደሪያውን ማቃጠል ጠረጴዛውን በአንድ ጣት እንኳ አያሰፋውም። መፍትሔው ማሽኑን ማጥፋት፣ «መነሻ» ብዬ የጻፍኩባትን ዲስኬት ማስገባት፣ መልሶ ማብራት፣ ከጨዋታውም በቀር ሌላ ፕሮግራም አለመክፈት ነው። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ያጠፉት ሥራ ሦስት ወር ፈጅቶ ነበር።

፪ኛ፦ ስለ ማቀዝቀዣው። አሰብ ውስጥ የሚበላሽ ነገር ሁሉ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ መድኃኒትም፣ ሻማም፣ የሙሽራ ሊፕስቲክም ይገባል። ስለዚህ የጨዋታውንና የሠልጣኞቹን የመጠባበቂያ ዲስኬቶች ከውኃው ጠርሙስና ከተረፈው ዓሣ ጎን በላስቲክ ጠቅልለው ማስቀመጥዎ ከአሳቢነት የመጣ እንጂ ከሌላ እንዳልሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ዲስኬት ከብርድ ወጥቶ እርጥብ ሙቀት ሲያገኘው ልክ እንደ ጠርሙሱ ያልበዋል፤ ያላበውን ወዲያው ማሽኑ ውስጥ መክተት ደግሞ ዲስኬቱንም ማሽኑንም መግደል ነው። የተቀመጠ ጨዋታዎ በሦስት የተለያዩ ቀናት አልከፈት ያለዎት በጠላት ሴራ ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ነው። ዲስኬት በደረቅ ቦታ፣ በሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከቀዘቀዘም ግማሽ ቀን ይጠበቅ። ከዐሥራ አራቱ ሠልጣኞች ዲስኬት ዐሥራ አንዱን አድርቄ አዳንኩ። ሦስቱ አልዳኑም። ከሦስቱ አንዱ የሳልሀ ነበር። ሳልሀ በወደቡ አካባቢ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ «የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወንበርሽን እንጠብቅልሻለን» ያላት ልጅ ናት። ለፈታኙ የምታሳየውን ሁሉ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ ደግማ መጻፍ አለባት፤ የምትጽፍበት ማሽን ግን ጠፈር ላይ ነው።

፫ኛ፦ ስለ ጨረቃዎቹ። ጨዋታው የተሠራው ያለ መመሪያ መጽሐፉ እንዳይከፈት ተደርጎ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በተከፈተ ቁጥር አንድ ገጽ ጠርቶ፣ በገጹ ግርጌ የተሳለችው ፕላኔት ስንት ጨረቃ እንዳላት ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይዘጋል። የመመሪያው ፎቶ ኮፒ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አሰብ ከስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት በሯን ዘግታ በምታሸልብበት፣ ፍየል እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ የማዕከላችን ዘበኛ ጋሽ ሀይደር ማዕከሉ ካለበት ከወደብ በር እኔ እስከምኖርበት እስከ አሰብ ሰጊር ሰፈር በእግራቸው እየመጡ ያንኳኳሉ። ባለፈው ሐሙስ ላባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «መቅደስ ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ነው፤ ጨረቃዋ ስንት ነው ይላሉ። እኔ በይሉል መንደር ተወልጄ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያየኋት አንዲት ናት፤ እሷን ብነግራቸው ምን ነበረበት?» አሉኝ። አራት መሆኗን ነገርኳቸው። «አራት፣ አራት» እያሉ ሲመለሱ አንድ ዘመዳቸው መንገድ ላይ አግኝቷቸው ስንት ፍየል እንደወለደላቸው ጠየቃቸው፤ ሰባት ብለው መለሱለት፤ ቢሮዎም ሲደርሱ ሰባት አሉ። እርስዎም ሰባትን ሦስት ጊዜ ስለጻፉ ጨዋታው ተዘጋ፤ ጋሽ ሀይደርም በዚያው ፀሐይ እንደገና ተላኩ። አንድ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው በአንድ ቀትር ከአንድ ጨረቃ በላይ እንዲሸከም የሚያዝ ደንብ በማዕከላችን መተዳደሪያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

፬ኛ፦ የድምፁ መቀነሻ በድምፅ ማጉያው በስተቀኝ ያለችው ጥቁር ክብ ቁልፍ ናት። ስለ እርሷ ሌላ የምለው የለኝም፤ ከግድግዳው ወዲህ የሚማሩት የልብስ ስፌት ሠልጣኞች ግን ብዙ የሚሉት አላቸው።

፭ኛ፦ ስለ አስተዳደርዎ፤ በጠፈር ላይ ስላለው ማለቴ ነው። በጥገና ስም በተጠራሁ ቁጥር ግዛትዎን የማየት ክብር ስላገኘሁ፣ ለምን ሁልጊዜ በሰማንያኛው ዙር ገደማ እንደሚሸነፉ ደርሼበታለሁ። ስድስት ፕላኔቶች አሉዎት። የአምስቱን ማዕድንና እህል ሁሉ ወደ ዋና ከተማዎ ያስገባሉ። በዚያ ሀብት አንዲት ግዙፍ የጦር መርከብ ሠርተው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያቆሟታል፤ ወደ የትም አትሄድም። አምስቱ ፕላኔቶች ይራባሉ፤ የተራበ ፕላኔት ያምፃል፤ ሲያምፅ ግብር ይጨምሩበታል። ከዚያ ጎረቤት መንግሥት የተራበውን ፕላኔት ያለ አንድ ጥይት፣ በእህል ብቻ ይወስደዋል። እርስዎም የተቀመጠውን አሮጌ ጨዋታ ከፍተው ልክ ያንኑ ደግመው ይሠራሉ።

ምክሬ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዙሮች የጦር መርከብ አይሥሩ፤ ርካሽ የሆኑ ትንንሽ ቃኚዎችን ይላኩ፤ ቀጥሎም ሰፋሪ። አዲስ ፕላኔት ለዐሥር ዙር ያህል ምንም አይጠየቅ፤ ይሰጠው እንጂ አይወሰድበት። የተሻለውን ምክር ግን ከሀሰን ይቀበሉ። ሀሰን ሃያ ዓመት ጭነት ያወረደ ሰው ነውና፣ «መርከብ ባዶውን ከተመለሰ ካፒቴኑን ጠይቁት» ይላል። እርሱ ሲጫወት ሰፋሪና እህል ጭኖ የሄደ መርከብ ማዕድን ጭኖ ነው የሚመለሰው፤ አንድም ዙር በከንቱ አያልፍም። በዚህ ዘዴ በመጀመሪያው ወር የጠፈሩን ግማሽ ያዘ፤ አንድ ፕላኔት እንኳ አላመፀበትም። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ ቢያዩ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩን ከዚያ ክፍል ለማውጣት እጅዎ ባልተነሣ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ የተከማቸ ሀብት ለክፍሉ ጌጥ ይሆናል፤ ለመንግሥት ግን አይሆንም። ይህ የጨዋታው ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

፮ኛ፦ ስለ ካርቶኖቹ። ኮምፒውተሩ ከሄደ ጀምሮ ሠልጣኞቹ የሚለማመዱት ከብስኩት ካርቶን ቆርጠን ፊደላቱን በእስክሪብቶ በጻፍንበት ገበታ ላይ ነው። ላብ ሲነካው ፊደሉ ስለሚለቅ በየሳምንቱ እንደገና እንጽፈዋለን። ሳልሀ ካርቶኑ ላይ ከሁሉም ትፈጥናለች፤ ምን እንደጻፈች ግን እስከ ዛሬ እርሷም እኛም አላወቅንም። እርስዎ ለወላጆች ኮሚቴ ባቀረቡት ሪፖርት «ኮምፒውተሩ ፕሮቫ ላይ ነው» ብለዋል፤ ሙከራ ላይ ነው ማለትዎ ነው። ፕሮቫው ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ከፈጀ፣ ያልተፈተነው ማሽኑ ሳይሆን ሌላ ነገር ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት በአካል ቀርቤ እንዳልለመንኩ እንዳይቆጠርብኝ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ሚያዝያ 9 ቀን በርዎን አንኳኩቼ ስለ ፈተናው ስነግርዎ፣ ዐይንዎን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣ «መቅደስ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትዕግሥት ልመጂ፤ ይቺን ዙር ልጨርስና እናወራለን» ብለውኛል። ታገሥኩ። ዙሯ ግን አላለቀችም።

የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያበቃ፣ ቋሚ የሚያደርገኝም የእርስዎ ፊርማ እንደሆነ አልዘነጋሁም። በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ብዕርዎ ቀለም ቢያልቅበት አልደነቅም። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ እግሬም ወጣት ነው። ሳልሀ ግን ሌላ ግንቦት የላትም። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ክፍላችን ይመለስ። ከዛሬ እስከ ፈተናው ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚደርሰው አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ የሚባክነው ዙር የአንድ ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚህ ወረቀት ሥር ሆን ብዬ ሰፊ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ እስክሪብቶም በሲባጎ አስሬ ሰቅያለሁ። መልስዎን እዚያው ይጻፉልን። አላፊ አግዳሚውም የሚለው ካለ፣ ከእርስዎ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከሥር ከሥሩ እንዲጽፍ በአክብሮት እጋብዛለሁ።

ጠፈሩ ሰፊ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ ምቹ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ካርቶን ላይ በተለማመደ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እሰናበታለሁ።

መቅደስ አሥራት
የኮምፒውተር (የካርቶን) አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለልብስ ስፌት ክፍል
ለሚያምፁት አምስት ፕላኔቶች

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ጥያቄውን እንደሚያነሣ ያውቃሉ፤ መብራታችንንም ያውቁታል። የመመሪያው ፎቶ ኮፒ ከትናንት ጀምሮ እኔ ቤት የለም። ኀምሳ ስድስቱን ገጽ ለዐሥራ አራቱ ሠልጣኞች አራት አራት አድርጌ አከፋፍያለሁ፤ ለእኔ አንድም አላስቀረሁም፤ ጨረቃዎቹንም በቃሌ አልያዝኩም። ጨዋታው የትኛውን ገጽ እንደሚጠራ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ዐሥራ አራቱም በአንድነት መገኘት ይኖርባቸዋል። የሚገኙትም በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በክፍላቸው ነው፤ ጥያቄውንም በስክሪኑ ላይ በዐይናቸው ካላዩ እንደማይመልሱ ተስማምተዋል። ስለዚህ ሲመጡ ማሽኑን ይዘው ይምጡ። ሊልኩ ካሰቡ ደግሞ፣ ጋሽ ሀይደር ከእንግዲህ የሚቆጥሯት ጨረቃ በይሉል ላይ የምትወጣውን ብቻ እንደሆነ እንዳደርስልዎ አደራ ብለውኛል።