ጥላው የሚቆምበት ቦታ

ውድ አክስቴ ፊርደውስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ እንዴት ይዞሻል? በደወልኩ ቁጥር ጀብሪል ስልክሽን ነጥቆ «ደህና ናት፣ አታስጨንቂያት» ይለኛል። ልጅሽ እንጂ ዘበኛሽ መሆኑን አላውቅም ነበር! ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ፤ እሱ ፊት እንዳትከፍቺው።

በመጋቢቱ ፀሐይ ገበያ መሃል የወደቅሽበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ቅመምሽ ሁሉ መሬት ላይ ተበትኖ፣ አንቺ ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ የጠየቅሽው ስለ ኮረሪማሽ ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጥ» ሲል ጀብሪል በማግስቱ ይዞሽ ሄደ። እኔም አልተከራከርኩም። አሁን ግን ቤቱም ገበያውም ጭር ብሎብኛል፤ ናፍቀሽኛል፣ በቃ።

«ሀናን ማዘጋጃ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ምን ትሠራለች?» ስትዪ ነበር አይደል? የከተማችንን መንትያ ነው የምሠራው። መካነ ሰላም ከነቆርቆሮዋ፣ ከነዛፏ፣ ከነመንገዷ ኮምፒውተር ውስጥ አለች፤ ዲጂታል መንትያ ይሏታል። በየቦታው የሰቀልናቸው ሙቀት መለኪያዎች ያነበቡትን ይልኩላታል። እዚህ ጥላ ባቆም፣ እዚያ ዛፍ ብተክል ሙቀቱ ምን ያህል ይቀንሳል ብዬ እሷን እጠይቃለሁ፤ እውነተኛዋን ከተማ ሳልነካ። አለቃዬ አቶ አድማሴ መጀመሪያ «በዚህ ደጋ ደግሞ ምን ሙቀት አለ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ገበያው መሃል ወስጄ ባቆማቸው ኮታቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቁም።

በኋላ ለከተማዋ አንድ ትልቅ የሸራ ጥላ ተፈቀደ። ምሰሶው የት ቢቆም ብዙ ሰው ያስጠልላል ብዬ መንትያዋን ብጠይቃት፣ ደጋግማ አንድ ቦታ አሳየችኝ። የት ይመስልሻል? አንቺ ቦታ ላይ!

ሠራተኞቹ ሊቆፍሩ ሲመጡ የገበያው ሴቶች ግር ብለው ተነሡ። ቦታሽን ይዞ የተቀመጠውን ድንጋይ የሚያነሳ ጠፋ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ባለቤቱ «ለቅቄያለሁ» ካላለ ድንጋዩ አይነሳም። ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ «ለቅቃለች» ማለት አቃተኝ፤ ካልኩት የማትመለሺ መሰለኝ። አቶ አድማሴ ተናደዱ። «ዛሬ ካልተስማማችሁ ጥላው መናኸሪያ ይተከላል» አሉ።

ያኔ እትዬ አልታዬ ከሽንኩርታቸው መሃል ብድግ አሉ። አዎ፣ እሳቸው! «ድንበሬን ገፋሽ» እያሉ በስንዝር መሬት ሲጨቃጨቁሽ የኖሩት ጎረቤትሽ!

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቦታ ላይ ቢቆምስ? እስቲ ኮምፒውተርሽን ጠይቂው» አሉኝ።

ላፕቶፑን እዚያው ከፍቼ ምሰሶውን ወደ እሳቸው ቦታ አዛወርኩት። ጥላው የሚያስጠልለው ሰው ትንሽ ቢቀንስም ያንቺን ቦታ በደንብ ይሸፍናል።

«ይሆናል፤ ግን እርስዎ የት ሊቀመጡ ነው?»

«ከፊርደውስ ጎን ነዋ! ወላሂ ተጣበን እንቀመጣለን። በሉ ቆፍሩ!»

ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

አሁን ጥላው ቆሟል። እኩለ ቀን ላይ ቦታሽ ላይ ተቀምጬ ሙቀቱን ለካሁት፤ ማሻአላህ፣ ነፋሱ ራሱ ሌላ ነው። ሐኪሙንም ይዤው ሄጄ አሳየሁት፤ «እዚህ ከሆነማ ትምጣ» አለ። ጀብሪልን ለእኔ ተዪው፣ እኔ እወጣዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። እትዬ አልታዬ ጥላው ሥር አልገባም አሉ። የቀረው ቦታ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ያንቺን ደግሞ «ባለቤቷ መጥታ ታስቀምጠኝ እንጂ በሌለችበት አልቀመጥም» ብለው ከሸራው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ሽንኩርታቸውን ዘርግተዋል። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው አልሰማ አሉኝ። አናታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የደሴ መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ።

ቶሎ ነይላቸው።

የምትወድሽ ሀናን
ከመካነ ሰላም