ድመቷ ምንም አላደረገችም

ውድ ሽቅርቅሬ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ስለለመደ ነው። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ ነበር፤ የመጡልኝ ቃላት ግን ወረቀት ላይ የሚሰፍሩ አልነበሩም። ስለዚህ «ውድ» ተብሎ ይቀመጥ፤ ይገባኛል አይገባኝም የሚለውን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

ዛሬ ጥፍር ሠሪያችን መጥታ ነበር። አዲሱን ፀጉር ቤትሽን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ሻይሽን ጠጥታ፣ ወሬሽን ተሸክማ መጣች። «ሰላም በያት» ብለሻታል። ቀጥለሽ ደግሞ «ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ብላ የስንት ዓመት ጓደኝነት ታፈርሳለች?» ብለሻል። አንድ ብርጭቆ ውሃ! ይህን ስሰማ ቀለሙን የደንበኛዬ ትከሻ ላይ አንጠባጠብኩት። ይቅርታ ጠይቄ ጠረግኩላት፣ ሥራዬን ጨርሼ ሸኘኋት፣ በሩን ዘግቼ ይሄንን መጻፍ ጀመርኩ። እንዳልደውልልሽ ድምፅሽን ከሰማሁ ታስቂኛለሽ። አንቺ የሰው ቁጣ ማብረድ ታውቂበታለሽ፤ እኔ ደግሞ የእኔው እንዲበርድ አልፈልግም።

ስልጠና ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጥነው። ያቺ ቁጡ አሰልጣኛችን ትዝ ትልሻለች? ማበጠሪያ ሳታጥብ ከአንዷ ራስ ወደ ሌላዋ ያሻገረችን ሁሉ ከክፍል ታስወጣ ነበር። አንቺ ከጀርባዋ ሆነሽ አፍንጫሽን እየነፋሽ ስታስመስያት እኔ በሳቅ እንባዬ ይወርድ ነበር። ከዚያ አብረን ይቺን ቤት ከፈትን። ቀለሙና ማለስለሻው የእኔ፣ ማበጠሪያው፣ ብሩሹና መቀሱ የአንቺ ሆነ። ያለ ጓንት የቀለም ክዳን ስለማልከፍት «እመት ጓንት» አልሽኝ፤ ስሙም ጸደቀ። ደንበኛው ሁሉ «እመት ጓንት አለች?» እያለ ይገባ ጀመር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንቺ ያወጣሽልኝ ስም ስለሆነ።

መስታወቱ ፊት ለፊት ደግሞ ያ ትልቁ ብርጭቆ ነበር፤ ማበጠሪያዎቹ የሚዘፈዘፉበት፣ ጀርም የሚገድለው ሰማያዊ መድኃኒት ያለበት። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ እኛ የሚያመጡት ስለ እሱ ነው። አንቺም ታውቂው ነበር። ማበጠሪያውን ከፍ አድርገሽ አራግፈሽ ነበር የምታወጪው፣ ሁሉም እንዲያይ። አንዷ እናት ለሌላዋ «እዚህ ቤት እኮ ንጽሕና አለ» ስትል እኔ ከጓዳ ሆኜ ደረቴን እነፋ ነበር።

አሁን ወደ ሚጡ ልምጣ፤ ወደ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጅ። ሚጡ አንቺን «እትዬ ቆንጆ» ነው የምትልሽ። እናቷ የምታበጥራት ቀን ሰፈሩ በጩኸት ይደበላለቃል፤ የአንቺ ወንበር ላይ ስትወጣ ግን ትንፋሿ አይሰማም። «ከተነቃነቅሽ ሪባኑ ጠፍቶ ይሄዳል» ብለሽ ነግረሻት፣ ያቺ ቀዥቃዣ ልጅ ዓይኗን እንኳን ሳታርገበግብ እንዴት እንደተቀመጠች አልረሳውም። አንቺ ያልሽው ሁሉ ለእሷ እውነት ነው።

ሚጡን ይዛ የመጣች ቀን እናቷ የልጅቷን ሻርፕ ገለጥ አድርጋ ያሳየችሽ ልትወቅሰን ፈልጋ አልነበረም። ራሷ ላይ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ረግፏል፣ ቆዳው ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። «እስቲ እይልኝ፣ ምን ይሆን?» ነው ያለችሽ። ቤቱ ጢም ብሏል። ማድረቂያው ሥር የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል። አንቺ ጎንበስ ብለሽ አየሽና «ቆረቆር ነው። እናንተ ቤት ድመት አለች አይደል?» አልሽ።

«አለች» አለች እናትየው።

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ! ከእሷ ነዋ። ከልጅ ጋር አንድ ትራስ ላይ እያስተኛችሁ እዚህ መጥታችሁ ምን ይሆን ትላላችሁ። ቤትሽን አጽጂ እንጂ እህቴ!»

ሳቅ ብለሽ ነበር ያልሽው፤ አንቺ ምን ጊዜም ሳቅ ብለሽ ነው። ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሰበሰቡ። አጠገቧ የነበረችው ወንበሯን ሳብ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ሻርፑን መልሳ እያሰረች፣ ፊቷ እንደ እሳት እየነደደ፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችሽ። አመሰገነችሽ! ሚጡ ደግሞ የሰጠሻትን ከረሜላ እየመጠጠች ቀና ብላ «የኔ ድመት ናት?» አለች። አንቺም ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገሽ «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ፀጉርሽን የበላችው ድመትሽ ናት» አልሻት።

እኔም አመንኩሽ። ቆረቆር ከድመት ሊጋባ እንደሚችል ስልጠና ላይ ተምረነዋል። ከተራ ውሸት ይልቅ ይሄኛው የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው፤ እውነት ሊሆን የሚችል ነገር መርጠሽ ነው የዋሸሽው።

ከዚያ ቆረቆሩ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ራስ ላይም ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የሹፌሩ ልጅ ላይ። ሁለቱም ቤት ድመት ቀርቶ ጫጩት የለም። ስነግርሽ «ትምህርት ቤት ተጋብተው ነው» አልሽ፤ እኔም ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። በኋላ የሹፌሩን ሁለተኛ ልጅ፣ ትንሿን፣ ወንበሩ ላይ ጣውላ አጋድመሽ አስቀመጥሻት። ዓይኗ ከብርጭቆው ጋር ትክክል ሆነ። «እትዬ፣ ውሃው ውስጥ የሚዋኙ ነገሮች አሉ» አለች።

«ዓሣ ናቸው የኔ ማር። ማበጠሪያዬን የሚጠብቁ ዓሣዎች።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ እየሳቅኩ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሳቄም እዚያው ቀረ። የትንኝ ዕጮች ናቸው። ጭራቸውን እየቆለመሙ ከአንዱ ማበጠሪያ ጥርስ ወደ ሌላው ይወዛወዛሉ። ጀርም ይገድላል የተባለ መድኃኒት ውስጥ ትንኝ ልጆቿን ታሳድጋለች! አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ምንም አይሸትም። የነጭ ፎጣ ጫፍ ነከርኩበት። ቀለሙን ወዲያው አወቅኩት፤ እናቴ አንሶላ ስታጥብ ነጩን የምታደምቅበት ሰማያዊ ነው።

ልጅቷን ሳትበጠር መለስኳት። ደንበኞቹ ሲወጡ በሩን ቆለፍኩ። የተባባልነውን የረሳሽው ከሆነ ላስታውስሽ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አታካብጂው እመት ጓንት።»

«ምንድን ነው አልኩሽ!»

«የመድኃኒቱ ሽታ ራሴን ይፈልጠኛላ! ታዲያ ውሃ ላይ የልብስ ሰማያዊ ጠብ አደረግኩበት። ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ማን ይቀምሰዋል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኤጭ፣ ቆየ።»

«ሚጡ ከመታመሟ በፊት?»

ወደ መስታወቱ ዞር ብለሽ ፀጉርሽን አስተካከልሽ።

ስሚኝ። ሽታው ካመመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ እዘፈዝፈው ነበር፤ ጓንቱም ትዕግሥቱም እኔው ጋ ነው። ስንፍናሽን ይቅር ልልሽ እችላለሁ። መድከም ያለ ነው፣ መርሳትም ያለ ነው። ግን ያቺን ሴት በሰው ፊት «ቤትሽን አጽጂ» ስትያት ብርጭቆው አጠገብሽ ነበር። እጅሽን ብትዘረጊ ትነኪዋለሽ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ይሄንን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

«ለእናቶቹ እንንገራቸው» ስልሽ «አብደሻል? ስማችንን አፈር ልታስገቢው ነው?» ብለሽ መቀስሽን ይዘሽ ወጣሽ። እኔ ማበጠሪያውንና ብሩሹን በሙሉ ጣልኩ። ወንበሩን፣ መደርደሪያውን፣ የቀሩትን መቀሶች አንድም ሳላስቀር በመድኃኒት አጸዳሁ፤ አዎ፣ ይሸታል፣ እኔንም ራሴን አመመኝ፣ መስኮት ከፈትኩ። ይኸው ነው፤ መስኮት መክፈት ነበር የከበደሽ። ከዚያ የእናቶቹን በር አንድ በአንድ አንኳኳሁ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ልክ ልኬን ነገረችኝ። የሹፌሩ ሚስት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ደግ አደረጉ።

ልብስ ሰፊዋ ጋ የሄድኩት በመጨረሻ ነው፤ ፈርቼ። ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ የቀሚስ ጠርዝ እያያያዘች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ስፒሎቹን ከከንፈሯ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

«የልጆቹን ትራስ አቃጥያለሁ» አለች። «ወንዶቹን ልጆቼን ምንም ሳይኖርባቸው ራሳቸውን ላጨኋቸው። እህቴን ልጆችሽን ይዘሽ እንዳትመጪ አልኳት፤ እስከዛሬ ተቀይማኛለች። ድመቷን ሩቅ ላለው ፋብሪካ ጥበቃ ሰጠኋት። ሰው ቤቴ ገብቶ ሲቀመጥ ይጸየፈኝ ይሆን እያልኩ ነው የምውለው።»

«በጣም አዝናለሁ» አልኳት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። «እሷ የታለች?»

አዲስ ቤት ልትከፍት መስታወት እያስገጠመች ነው ልበላት?

ድመቷ በራሷ ተመልሳ መጣች። ከፋብሪካው ድረስ መንገዱን እንዴት እንዳገኘችው እንጃ፤ አጥንቷ ወጥቷል፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ነበር። ሚጡ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣለች። ድመቷ እንደ ድሮዋ እግሯ ሥር ልትታከክ ስትጠጋ ልጅቷ ሰፈር የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸች። ከዚያ ድንጋይ አንስታ ወረወረች። አልሳተቻትም። ያቺ የወተቷን ግማሽ እየደበቀች ለድመቷ የምታጠጣ ልጅ!

እናቷ ሮጣ ወጥታ «ተይ ልጄ፣ እሷ አይደለችም፣ ማበጠሪያው ነው» ብትላት ምን አለች መሰለሽ? «ውሸትሽን ነው፤ እትዬ ቆንጆ ናት የነገረችኝ።» እኔም ሞከርኩ። ባዶውን ብርጭቆ ይዤ ሄጄ፣ ከፊቷ ቁጢጥ ብዬ፣ በልጅ አማርኛ አስረዳኋት። ከሻርፗ ሥር አጮልቃ አየችኝና «አንቺ ጓንት የምታደርጊው እኔን ስለምትጠየፊኝ ነው» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ያለቀስኩት በአንቺ ምክንያት መሆኑ ትዝ አለኝና ለቅሶውን ትቼ ተናደድኩ።

ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ሠርቷል። ያ ባዶ ቦታ ላይ ለስላሳ ፀጉር ብቅ ብሏል፤ ዳቦ ጋጋሪው ጋም፣ ሹፌሩ ጋም ልጆቹ እየዳኑ ነው። የሚጡ ኪስ ግን በጠጠር ሞልቷል። ድመቷ አጥሩ ላይ ትቀመጣለች፣ አትወርድም፣ አትሄድም። እናትየው የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ሁለቱን ስታያቸው አያታለሁ።

ጥፍር ሠሪዋ አዲሱ መስታወትሽ ፊት ሰማያዊ ብርጭቆ እንዳለ ነግራኛለች። «ያምራል» ነው ያለችኝ። ነጭ ፎጣዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ በደንበኞችሽ ፊት እነክረዋለሁ። መድኃኒቱ ከሸተተኝ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ካልሸተተኝ ለምርመራ የሚመጡትን የጤና ሰዎች ራሴ እጠራቸዋለሁ። አስቀድሜ የነገርኩሽ እንድትቀይሪው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለሽ። የእኔን ሰላምታ ተይው፣ ጓደኝነታችንን ተይው። ለሚጡ እናቷም እኔም ሐኪሙም ነግረናታል፤ የምታምነው አንቺን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያበግነኝ ይሄ ነው፣ የዋሸሻት አንቺ ሆነሽ ሳለ ከእኛ ሁሉ የምትታመኚው አንቺ መሆንሽ። ነይ። መጀመሪያ ለእናቷ፣ ያኔ እንዳደረግሽው ሰው እየሰማ፣ ከማበጠሪያሽ እንደመጣ ንገሪያት። ከዚያ ሚጡ ፊት ቁጭ ብለሽ፣ «ፀጉርሽን የበላችው ድመትሽ ናት» ባልሽበት አፍሽ፣ ድመቷ ምንም እንዳላደረገች ንገሪያት። ጠጠሩን ከኪሷ አውጥታ እስክትጥል ድረስ አትነሺ።

ከረሜላ ይዘሽ እንዳትመጪ።

እመት ጓንት