ለአንድ ራሴ የሠራሁት እራት

ውድ እታለም ኦዲል፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ የሲያትል ዝናብ ጭራሽ አባሰብሽ? ሮበርት ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ እንደ አቅሜ አለሁ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ባሕሩም ዘንድሮ ሽሪምፕ አልነፈገንም፤ ተመስገን ነው።

በስልክ “ምን እየበላህ ነው?” ብለሽ ስትጠይቂኝ በቅጡ አልመለስኩልሽም። ባለቤቴ ሊዮንቲን ካረፈች ወዲህ እራቴ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ የምጎርሰው ነገር ነበር። ምግብ መሥራት አቅቶኝ አይደለም፤ ጀልባ ላይ ለስንቱ ጎረምሳ አብስያለሁ። የቸገረኝ ለአንድ ሰው መሥራቱ ነው። እኛ ቤት መቼ ትንሽ ድስት ኖሮ ያውቃል? አንዴ የጉምቦ ሾርባ ሠርቼ ያንኑ እያሞቅሁ ስበላ ከርሜ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት። ውሻው እንኳ አሽትቶ ጥሎኝ ሄደ።

ማክሰኞ ግን ከባሕር ስመለስ እፍኝ ሽሪምፕ ለራሴ አስቀረሁ። ፓስታ ጣድኩ። በሌላ መጥበሻ ቋሊማ ከትፌ ጠበስኩና ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ሴለሪውን ግማሽ ግማሹን ጨመርኩበት። ሽሪምፑንና ክሬሙን አስከትዬ በርበሬውን ስነሰንስ ግን እጄ የለመደው የጀልባውን ሰው ሁሉ ልክ ኖሯል! ጠርዝ ጠርዙ ማረር ጀመረ፤ ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ እኔ ሳል በሳል ስሆን የጣሪያው የጢስ ደወል እሪ አለ።

ጎረቤቴ እትዬ ኡላሊ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ በጓሮ በር ዘው አለች። “አንተ ክሎቪስ! ሚስትህን ልትከተል ነው ወይስ ሰፈሩን ልታነድ?” ብላ ጮኸችብኝ። እራት እየሠራሁ ነው ብላት ባልዲውን አስቀምጣ መጥበሻውን አየችው። “ክሬም? ይሄን የእኛ የካጁኖች ምግብ ነው ብለህ ለሰው እንዳታወራ! እናትህ ከመቃብር ተነስታ በማማሰያ ነው የምትልህ!” አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እሷም ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገችና በበርበሬው አሳበበች። ቁጭ በይ እንካፈል ብላት “ተወኝ፤ እኔ በልቻለሁ። ሰው እኮ እንግዳ ብቻ አይደለም የሚያበላው፤ ራሱንም ያበላል። ተቀምጠህ ብላ!” ብላኝ ወጣች።

ሳህን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። የሊዮንቲን ወንበር ፊት ለፊቴ ነበር፤ አልሸሸሁትም። ፓስታው አፌን አቃጠለኝ፤ ግን ጣፈጠኝ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩት።

እታለም፣ ቤቱን ሸጠህ እኛ ጋ ኑር ስላልሽኝ ዕድሜ ይስጥሽ። ብቻውን ይሞትብኛል ብለሽ እንደፈራሽ አውቃለሁ። እኔ ግን ብቻዬን መኖር እየተማርኩ ነውና አትዘኚብኝ፤ ቤቱን አልሸጥም። ለገና እንግዳሽ ሆኜ እመጣለሁ፤ ስሄድም ሳታለቅሺ ሸኚኝ።

ለሮበርት የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ቴሬዝን ግንባሯን ሳሚልኝ። ትንሹን ኤሚልን አጎትህ ክሎቪስ ሲመጣ ከአንተ ጋር ነው የሚተኛው በይው፤ ማንኮራፋቴን ግን እንዳትነግሪው።

ወንድምሽ ክሎቪስ
ሾቫን፣ ሉዊዚያና
ኦክቶበር 14 ቀን 2016