ሞተሩ እና ሞተሯ

ውድ አብዱልሃኪም፤

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው። ደብዳቤ በዚህ ቃል እንዲጀመር ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ባንተ የተነሳ ሥርዓቱን አላፈርስም። ከዚህ በታች ያለውን ግን ከልማድ አልጻፍኩትም።

ማክሰኞ ልጅህ ኢክላስ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። አባ ወልደ ሥላሴና ሐጂ መሐመድዘይን ሊያስታርቁን ለቅዳሜ ቀጠሮ መያዛቸውን ነገረችኝ። አንተ በሽማግሌ ፊት «አሳስቼ ሰምቼ ነው» ትላለህ፣ እኔ «ይቅር ለእግዜር» እላለሁ፣ ተመርቀን እንለያያለን። እንዲህ ነው የተሰናዳው። እኔ ደግሞ የምመልስልህን አስቀድመህ እንድታውቀው ፈለግሁ። ያልደወልኩልህ በስልክ መነጋገር ምን እንዳመጣብን ስላየሁ ነው።

ወጣት መምህር ሆኜ ወረታ ስመደብ አንተ አባትህ ሱቅ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጠህ የጣልያን ሞተር ብስክሌት ፎቶ ያለበት አሮጌ መጽሔት ታገላብጥ ነበር። ሸሚዝ የማሰፋበት ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ጨርቁን ረስቼ ወጣሁ። ጓደኝነታችን ከዚያ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ሞተር፣ ጊሌራዋን፣ ጎንደር አንድ መካኒክ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት አገኘናት። ሞቶ ሞሪኒዋ ከአስመራ ተፈታትታ በጆንያ መጣች። ዱካቲዋ በመጨረሻ መጣች፤ ቀይ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ማርሿ በቀኝ እግር የሚገባ፣ ካንዴላዋ ካልተወለወለ የምታኮርፍ። አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና «ላም ብትገዙ እኮ ትታለብላችሁ ነበር» ሲሉ፣ አንተ «አባ፣ የፎገራ ላም የጣራ ገዳምን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ አትወጣም» ብለህ በጫማ ተባረርክ።

ርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው የቁሐርን ማሳ አልፎ ከተማው ጫፍ የደረሰበትን ክረምት መቼም አትረሳውም። ሦስቱም አንተ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ሰው እህሉን ወደ ቆጥ ሲያወጣ እኔና አንተ የሩዝ ጆንያ ደርድረን ሞተሮቻችንን በላዩ አቆምናቸው። ውሃው ሲሸሽ እነሱ ደረቅ ነበሩ፤ የታችኛው ረድፍ ሩዝ ግን አብጦ ጆንያውን ቀድዶ ወጥቷል። ባለቤትህ ቱርኪያ በሩ ላይ ቆመች።

«ሩዜን መደብ አደረጋችሁት?»

«የታችኛው ብቻ ነው» አልካት።

«አንተስ ይሁን፣ እብደትህን አውቄ ነው ያገባሁህ። እኚህ መምህር ግን ለሰው ልጅ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

«ሰዋስው» አልኩ።

«ሰዋስውዎ ይቅርና መጀመሪያ ሰው ይሁኑ!»

እርጥብ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። እሷ ግን እስከ መስቀል ድረስ ሁለታችንንም ሰላምታ ነሣችን።

አሁን ወደ ሰዋስው ልመለስ፤ የተጣላነው በእሱ ነውና። ቁሐር ሚካኤል ባለችኝ ማሳ ለሽንኩርቴ ከወንዙ ውሃ በቱቦ የምስብበት ሞተር እንዳለኝ ታውቃለህ። አገሩ የውሃውንም ሞተር ይላል፣ የሚነዳውንም ሞተር ይላል። እኔ አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲሆን አልወድም። ስለዚህ በእኔና በአንተ መካከል የውሃው «ሞተሩ» ሆነ፣ ጣልያኖቹ «ሞተሯ» ሆኑ። ተማሪዎቼ በዓመት ያልለመዱትን ልዩነት አንተ በአንድ ቀን ለመድከው። እንዲያውም «እሱ ያበላናል፣ እሷ ትበላናለች» እያልክ ታስቀኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን እሷን «እሱ»፣ እሱን «እሷ» ስትል አንድ ጊዜ ሰምቼህ አላውቅም።

በታኅሣሥ ያ በሽታ ግራ እጄንና ምላሴን ይዞኝ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ደወልክልኝ። ልጄ፣ ሰርክ፣ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ብቻዬን ነበርኩ። ከእንግዲህ በዚህ እጅ ሽንኩርት እንደማላለማ ቆርጬ ነበር። ምላሴ ከብዶኝ ስለነበር ቃሉን በጥንቃቄ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው እየለየሁ ተናገርኩ።

«ሞተሩን ሽጥልኝ።»

«ከነቱቦው?» አልክ።

«ከነቱቦው።»

«አላህ ያሽርህ። የቀረውን ለእኔ ተወው» ብለህ ዘጋህ።

ድኜ ስመለስ የውሃው ሞተር ከነቱቦው እቦታው ነበር። ዱካቲዬ ግን የለችም።

ምን እንዳልከኝ ላስታውስህ። «እኔ ሞተሯን ስትል ነው የሰማሁህ። ምላስህ ተይዞ ነበር እኮ፣ ይሄይስ።» ቱቦውንስ ብልህ «ቱቦ የሚባል ነገር አልተነሳም» አልክ፤ ስትለኝም ዓይኔን አላየህም። የተሸጠችበትን ብር ሳታጎድል አስረከብከኝ፤ ስለዚህ ሌባ ልልህ አልችልም። ብችል ይቀለኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ልጅህ ዘንድ ልኖር ነው ብለህ ባሕር ዳር ገባህ፤ እኔን ተሳስቷል ካልከው ምላሴ ጋር እዚህ ተውከኝ።

ከዚያ ወዲህ ወረታ እንዴት እንዳዘነልኝ ብታይ! የማስተምራቸው ልጆች አባቶች፣ እነሱም ተማሪዎቼ የነበሩ፣ ቀስ ብለው ጮክ ብለው ያናግሩኛል፤ ለደንቆሮና ለሕፃን እንደሚናገሩት። አንዱማ ሻይ ቤት ውስጥ፣ መግባቴን ሳያይ፣ «መምህር እኮ ዘንድሮ ወንድና ሴት አይለዩም» ብሎ ጠረጴዛውን አስቆው ነበር። እኔ ብሆን እንኳ የማልተወው ጥሩ ቀልድ ነው። ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ሰርክ ደግሞ፣ የገዛ ልጄ፣ ትከሻዬን ይዛ «አባባ፣ ቃል ሊምታታበት ይችላል ብሎ ሐኪሙም ነግሮን ነበር፤ ምን ያስቆጣሃል?» አለችኝ።

እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ እየተመላለስኩ «ሞተሩ፣ ሞተሯ፤ ሩ፣ ሯ» እላለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ትሁን ባጥሩ አሻግራ ሰምታኝ «መምህር፣ ፊደል እንደገና ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ። ለቀልድ ብላ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው የምለማመደው። በትክክል መናገሬን ማረጋገጥ የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። አንተ ደግሞ አልተናገርክም አልከኝ። ብረት ነው የወሰድክብኝ ብለህ አታስብ። ሞተሯን ሸጠህ የራሴን አፍ እንዳላምነው አደረግኸኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው ኢክላስ የመጣችው። ደህና ልጅ ናት፤ ከማንኛችንም ትሻላለች።

«ጋሼ ይሄይስ፣ አባባ እህል አልበላ ብሏል። እባክዎ ይቅር ይበሉት» አለችኝ።

«ልጄ፣ ያጠፋው ጆሮው ከሆነ ይቅርታ ምን ያደርግለታል?»

«እሱማ ለእርስዎ ብሎ ነው እንጂ…» አለችና በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ለእኔ ብሎ ምን?»

«ኧረ ምንም! በአላህ ጋሼ፣ እሷ አለችኝ እንዳይሉ።»

ይህን እንደምነግርህ እዚያው ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ እንዳትቆጣት። ከቤታችሁ እውነት የወጣው በእሷ አፍ ብቻ ነው። አብዱልሃኪም፣ ሰዋስው የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል፦ የተሳሳተ ሰው ለማንም ብሎ አይሳሳትም። ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ ሰምተኸኛል። ሩን ሩ ብለህ ሰምተኸኛል። ቱቦውንም ጠይቀኸኛል።

ለምን እንዳደረግኸውም ገባኝ። ግራ እጄ ዛሬም ፍሪሲዮን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ከሆስፒታል ወጥቼ በመጀመሪያው ደህና ቀን ዱካቲዋን አስነስቼ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ እንደምወጣ፣ ጣራ ገዳም አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ እጄ እንደሚከዳኝ አሰብክ። ልክ አስበሃል። እወጣ ነበር። ስንት ጊዜ ከኋላዬ ሆነህ ያንን መታጠፊያ በጎን ዘንበል ብለን ስንዞር ትንፋሽህ ቆሞ፣ ስንቃና አንገቴ ላይ ሲመለስ ሰምቻለሁ። እንደምትፈራ አውቅ ነበር፤ ፈርተህም ከእኔ ጋር መውጣትህን እወድልህ ነበር። ይህንን ነግሬህ አላውቅም። አሁንም ተቆጥቼ ስለሆነ ነው የምነግርህ።

ታዲያ ምናለ መጥተህ «አትነዳም!» ብትለኝ? ቁልፏን ወስደህ ርብ ውስጥ ብትወረውረው? እሰድብህ ነበር። ሱቅህ በር ላይ ቆሜ አገር እስኪሰማ እጮህብህ ነበር። ስንት ጊዜ ተጣልተናል! አንተ ግን መጣላቱን ፈርተህ እኔን ጃጀ ማለት ቀለለህ። ስምህ ሃኪም ስለሆነ ሐኪም የሆንክ መሰለህ፤ በሽተኛውን ሳትጠይቅ ቆረጥክ።

ኢክላስ ልታጽናናኝ ብላ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ውስጥ አቁመዋታል። «ደህና ናት ጋሼ፣ ይዩዋት፣ ታበራለች» አለችኝ። ዘይቷ ተቀድቷል፣ ካርቡራቶሯ ተነቅሏል፣ እንግዳ በላይዋ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። ለእሷም እንደ እኔው አዝነውላታል ማለት ነው። ጊሌራዋና ሞሪኒዋ መጋዘንህ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ መለዋወጫ ጠፍቶ ካቆምናቸው ዓመታት ሆኗል። የምትነሣው እሷ ብቻ ነበረች። መልሰህ ግዛልኝ አልልህም። ብትመጣም እንደማልነዳት አሁን ራሴ አውቄዋለሁ፤ ይህን ማወቅ ግን የእኔ ፋንታ ነበር።

እንግዲህ ስለ ቅዳሜ። እመጣለሁ። አባን አላስጠብቃቸውም።

በሽማግሌዎቹ ፊት «አሳስቼ ሰምቼ ነው» ካልክ ወዲያውኑ ይቅር ለእግዜር እላለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፤ ቱቦውንም አላነሳም። እንጨባበጣለን፣ ይመርቁናል፣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ለገበያ ወረታ ስትመጣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ባርኔጣዬን አንስቼ ደህንነትህን ጠይቄህ አልፋለሁ፤ ለማላውቀው ሰውም እንዲሁ አደርጋለሁ።

«ሞተሩን ስትል ሰምቼሃለሁ፣ እያወቅሁ ሸጥኳት» ካልክ ግን ይቅር አልልህም። እዚያው ሐጂ ፊት ተነሥቼ እጮህብሃለሁ፤ አባ መስቀላቸውን ቢያነሡም ዝም አልልም። ታርቀን አንለያይም። እሑድም እንጣላለን፣ በማግስቱም እንጣላለን። የሆዴን ተናግሬ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ እቃህን ጠቅልለህ ብትመለስ ይሻላል።

የቅዳሜ ሰው ይበለን።

ይሄይስ
ወረታ