በመዝገብዎ ሦስት ጊዜ ስለ መውለዴ

ለተከበሩ የሕክምና መረጃ ማደራጃና ማጋሪያ መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን ጤንነት እንኳ አልነግርዎትም፤ መምሪያዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቀው፣ አውቆም ለሦስት ሆስፒታሎች፣ ለአንድ የምርምር ተቋምና ለሰፈራችን ፋርማሲ እንዳካፈለው ከተረዳሁ ወዲህ ስለ ራሴ ሕመም መናገር ከባለሙያ አፍ መንጠቅ መስሎ ይታየኛል። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና እንድትሆኑ፣ በተለይም እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ ደኅና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ።

ሥራዎን የምቃወም ሰው አለመሆኔን ይወቁልኝ። የበሽተኛ ታሪክ በአንድ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ታስሮ እንዳይቀር፣ ሕመሙ ከሕመም፣ መድኃኒቱ ከመድኃኒት፣ የምርመራ ውጤቱም ከውጤት ጋር ተመድቦ፣ ሐኪሙ በፈለገው ጊዜ እንዲያገኘው፣ ተመራማሪውም እንዲማርበት ማድረግ የሚያስመሰግን ነው። ቅሬታዎቼ ጥቃቅን ናቸው። ርዕሰ መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ቁጥር ያልተሰጠው ቅሬታ አላነብም እያልኩ ወላጆችን እመልስ ስለነበር፣ እርስዎም እንደ እኔ ዓይነት ሰው ይሆናሉ ብዬ ሰግቼ በቁጥር አቅርቤያቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማህደሩ። በጤና ጣቢያችን የአንድ ቤተሰብ ካርዶች በአንድ ማህደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሽፋኑ ላይ የአባወራው ስም ይጻፋል። ይህን ልማድ ያመጡት በካርድ ክፍል ያረጁት እትዬ ሲሆኑ፣ ምክንያታቸውም እናት የታመመ ልጅ አቅፋ ስትመጣ ካርድ ፍለጋ እንዳትንገላታ ነበር። በእኛ ማህደር ውስጥ የእኔ፣ የባለቤቴ፣ አብራን የምትኖረው የልጃችንና የሕፃን ልጇ አራት ካርዶች ነበሩ። እኔም ስሜ በትልቁ እንዲጻፍ፣ ከስሜም በፊት “ርዕሰ መምህር” የሚለው እንዲጨመር ደጅ ጠንቼ ነበር፤ እትዬም “ጋሼ፣ ለበሽታ ማዕረግ ምን ይሠራለታል?” እያሉ ጻፉልኝ። ባለሙያዎችዎ ኮምፒውተራቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ ምን እንደሚሠራለት ታወቀ። አንድ ማህደር አንድ ሰው ነው ብለው ስለ ወሰኑ፣ የአራታችንንም ካርድ አንድ በአንድ እየመደቡ በሽፋኑ ላይ ላለው ለእኔ አወረሱኝ። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ሲባል በሠርጋችን ቀን ሰምቼ አንገቴን በአዎንታ ነቅንቄአለሁ፤ ቃሉን በተግባር ላይ የሚያውል መሥሪያ ቤት ይኖራል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀጠሮው። በስልኬ “ውድ እናት፣ ከወሊድ በኋላ ያለብዎትን ክትትል ስላቋረጡ በአስቸኳይ ይቅረቡ” የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን ማኅተም ላለበት ነገር ሁሉ ስታዘዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ከራቫቴን አስሬ ሄድኩ። በእናቶች ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ እናቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ልጇን አስይዛኝ ውኃ ልትጠጣ ወጣች፤ ተመልሳም “አባባ፣ እርስዎ ማንን ሊያሳዩ ነው?” ብትለኝ “ራሴን” አልኳት። ልጇን ፈጥና ተቀበለችኝ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ የኮምፒውተሯን ገጽ ወደ እኔ አዙራ አስነበበችኝ፦ የስልሳ ሰባት ዓመት ወንድ፤ ሦስት ጊዜ የወለደ፤ የመጨረሻውን ባለፈው ዓመት በኦፕሬሽን፤ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ፤ ጥርስ በማብቀል ላይ ያለ። ሁለቱ ወሊድ የባለቤቴ፣ ሦስተኛው የልጄ፣ ጥርሱ ደግሞ የልጅ ልጄ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ጥርሱ ላይ ስደርስ ለአፍታ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቤት ገብቼ የሆነውን ስናገር ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀችና “ያማጥኩት እኔ፣ የተጻፈው ለአንተ! ድሮስ በዚህ ቤት ሌላ ምን አለ?” አለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርምሩ። ከምርምር ተቋሙ አንድ ትሑት ወጣት ደውሎ ለጥናት ሊያነጋግረኝ እንደሚፈልግ ገለጸልኝ። በመረጃው መሠረት በአካባቢያችን የሚወልዱ ወንዶች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ በአስደንጋጭ ሁኔታ ጨምሯል። በመጀመሪያ ቅር ያለኝ ነገር፣ እፈር ቢሉኝም እናገራለሁ፣ እኔ ብቻ አለመሆኔ ነበር። ወጣቱ ለሦስት ወር ያህል በቅን ልቦና ሲደምርና ሲያካፍል ከርሟል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የተባለው ተረት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የሥራ መደብም ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታዬ ጨዋታ መሆኑን ይወቁልኝ። ማን ያውቃል፣ በስተርጅና መውለድም ክብር ነው።

አራተኛው ግን የጥርስ ሕመም ያመጣው ነው። ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒን ልገዛ ፋርማሲ ብገባ፣ ፋርማሲስቱ ገጹን አይቶ “ጋሼ፣ ይሄ የፔኒሲሊን ዘር ነው፤ ለእርስዎ ክልክል ነው ይላል” ብሎ ከለከለኝ። እኔ ፔኒሲሊን እንደ ቆሎ የምቅም ሰው ነኝ። ክልክል የተባለችው ባለቤቴ ናት። ልጃችን በተወለደች ሰሞን በተወጋችው መርፌ ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ ሊቆም ደርሶ ነበር። ያከማት ሐኪም በካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ፔኒሲሊን ክልክል” ብሎ ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት። እሷ መርፌውን እንጂ ስሙን አታስታውስም፤ እኔም ያን ቀን ከድንጋጤዬ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም። ካርዱ ይዞልን ነበር፤ ካርዱን ደግሞ እናንተ ያዛችሁት፤ ይዛችሁም ለእኔ ሰጣችሁት።

ታዲያ የእሷ ሁሉ እኔ ዘንድ ካለ፣ እሷ ዘንድ ምን አለ? ባለቤቴ በመጪው ማክሰኞ የሐሞት ጠጠሯ በኦፕሬሽን ይወጣል። ሆስፒታሉ ታሪኳን ከመምሪያዎ ቢጠይቅ፣ ጤና ጣቢያ ደጅ ረግጣ የማታውቅ ሴት ሆና መጣችለት፤ በመድኃኒት አለርጂ ቦታም “የለም” የሚል ተሞልቷል። ነርሷ ነገሩን ስንነግራት ወዲያው ጻፈችው። በማግስቱ ጠዋት ግን መዝገቡ ከእናንተ ዘንድ በታደሰ ጊዜ “የለም” ወደሚለው ተመለሰ። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ተመለሰ። ሐኪሙም ሆነ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ማክሰኞ ጠዋት የሚያዩት ያንኑ ገጽ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ያን ጊዜ ተኝታ ስለምትሆን፣ በትዳር ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ መስጠት አትችልም።

ድሮ ስሕተት ሲሠራ እዚያው ካርድ ክፍል አቧራ ለብሶ ይቀር ነበር፤ የሚያገኘውም የሚጎዳውም ጥቂት ነበር። ዛሬ በእናንተ ትጋት ስሕተቱም ተመድቦና ተደራጅቶ፣ እኔ ጫማዬን ሳላስር ሦስት ሆስፒታል ይደርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር አባቶች፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈታ ግን አላዩም።

አምስተኛ፣ ስለ መስኮትዎ። በመምሪያዎ በአካል ቀርቤ በዚያች ዝቅ ብለው ካልሆነ በማይናገሩባት መስኮት ተጎንብሼ ጉዳዬን አስረዳሁ። ባለሙያዎ በጣም ጨዋ ነው። አለርጂው የእኔ ስለሆነ፣ የእኔ አለመሆኑን በምርመራ ማረጋገጥ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ለዚያም ወረፋው ሦስት ወር ነው። የባለቤቴ መሆኑን ለማስረዳት ደግሞ ዋናው ካርድ ያስፈልጋል፤ ዋናው ካርድ ወደ ኮምፒውተር ስለ ገባ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ ከነማህደሩ መጋዘን ታሽጓል። “አባቴ፣ እኔ ብፈልግም ሲስተሙ እሺ አይልም” አለኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? አመሰገንኩት! እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ለምን እንዳመሰገንኩት የገባኝ፤ አነጋገሩ፣ ፈገግታው፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ማስቀመጡ ሁሉ፣ እኔ ወላጆችን ስሸኝበት የነበረው ነው። እንዲህ ያለ ተተኪ አይቼ መሞት ፀጋ ነው፤ ምኞቴ መጀመሪያ እኔ እንድሞት ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ ትጋትዎ፣ ስለ ፍጥነትዎ፣ ሳላምጥ ስለ ወለድኳቸው ልጆች ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ወሊዶቹን ልታስቀሩልኝ ትችላላችሁ። ክትባቱም ይቅር፤ የልጅ ልጄ ሲያድግ እንደራደራለን። ጥርሱን እንዲያውም አትንኩብኝ። የምለምንዎት አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ በቀይ የተጻፈችውን ከማክሰኞ በፊት ወደ ባለቤቷ መልሱልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ገና ካልወጣልኝ የወሊድ ድካም ጋር፤

በማህደሩ ሽፋን ላይ በትልቁ የተጻፍኩት፣
የሁለት ልጆች አባትና እናት፣ የአንድ ሕፃን አያትና ወላጅ፣ እንዲሁም ሕፃኑ ራሱ፣
ጡረተኛው ርዕሰ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ከማክሰኞ በፊት ካልደረሰዎ አይጨነቁ። ነርሷ በመከረችን መሠረት ልጄ በእናቷ ግራ ክንድ ላይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፋ፣ በቀይ እስክሪብቶ “ፔኒሲሊን ክልክል” ብላ ጽፋ ሁለቴ አስምራበታለች። ባለቤቴም “እዚህ ላይ ደግሞ ስምህን እንዳትጨምር” ብላ አስጠንቅቃኛለች። ባለሙያዎችዎ ይህንንም ሊያደራጁት ከመጡ በራችን ክፍት ነው፤ ብቻ እባክዎ፣ ክንዱ የማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።