በአባባ የደረት ኪስ ያለው ስልክ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ከሁሉ በፊት እንደምን አለሽ ብላ ትጠይቅልኝ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ቀለል አለሽ? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? አፍ አውጥቼ ልጠይቅሽ ያልደፈርኩትንም እንደጠየቅሁሽ ቁጠሪልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ነገር ግን ደህና ነን የሚለውን ቃል አሁን አሁን እፈራዋለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

የላክሽውን ስልክ የጭነት መኪናው ሹፌር ቤታችን ድረስ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። በሹራብሽ ጠቅልለሽው ስለነበር ከስልኩ በፊት ያገኘሁት ጠረንሽን ነው። አክስታችን ገና ስታየው “ይሄማ ስልክ አይደለም፣ ትሪ ነው፤ ሻይ ማቅረቢያ ይሆነናል” አለች። እኔ ግን ደብዳቤሽን ይዤ ልብስ ወደምናሰጣበት ጓሮ ሄድኩና ብቻዬን አነበብኩት።

ጽንሱ እንደወረደብሽ ጽፈሻል። ከሐኪም ቤት እንደወጣሽ፣ ከማንም በፊት ለአባባ እንደደወልሽ ጽፈሻል። ነግረሽው ሳትጨርሺ “ተመስገን! እሰይ የኔ ልጅ! ገና ምን አይተሽ!” እንዳለሽም ጽፈሻል። ይህንን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን ላታሰሚው እንደማልሽ፣ ፊትሽን እያየ ግን እስቲ ይድገመው ብለሽ ይህን ምስል የሚያሳይ ስልክ እንደገዛሽለት አስረዳሽኝ። ለእኔ ደግሞ “አባባ የሚደወልለትን ከማንሳት በቀር በስልክ ምንም የማያደርግ ሰው ነው፤ ይሆነው እንደሆነ አንቺ አይተሽ ወስኚ፤ ካልሆነው ሽጡት” አልሽኝ። እኔ እንኳን የስልክ ነገር የራሴን ፀጉር አሠራር መወሰን የሚያቅተኝ መሆኔን ረስተሽው ነው እንጂ።

እታለም፣ አባባ አይሰማም።

ዛሬ የጀመረው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮው ሞተር አጠገብ ቆሞ ጆሮው ቀስ በቀስ ነው የሄደው። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ በእጁ ነው የሚነጋገረው። ይድቀቅ ሲሉ ጣታቸውን ይፈትጋሉ፣ ይበቃል ሲሉ መዳፋቸውን ያነሳሉ። ስለዚህ ማንም ሳያውቅበት ብዙ ቆየ። ለአንቺ እንዳልነግር ያስማለኝ እሱ ራሱ ነው። “እሷ ሰው አገር ናት፤ የኔ ጆሮ እዚያ ምን ይሠራላታል? ልቧን ነው የሚያደክማት” አለኝ። መሐላውን ዛሬ አፈረስኩት። ይቅር ይበለኝ።

እሑድ እሑድ ስትደውይ ስልኩን በእኔና በእሱ ጆሮ መካከል እንይዘዋለን። እኔ እሰማለሁ። ደግ ነገር ስትነግሪን እጅጌውን ወደ ላይ እስባለሁ፤ ተመስገን ይላል። የሚያሳዝን ሲሆን ወደ ታች እስባለሁ፤ አይዞሽ ይላል። ስትጠይቂው እጁን እጨብጠዋለሁ፤ ደህና ነን ይላል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያወራችሁት በነዚህ ቃላት ነው። አንቺ “አባባ ዛሬ ወሬ አበዛ” ብለሽ የሳቅሽ ዕለት እንኳን እጅጌውን ስስብ ትከሻዬ ዝሎ ነበር።

ያን ዕለት ግን እሑድ አልነበረም። እኔ የምሠራበት እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ ሳጥብ ነበርኩ፤ እሱ ወፍጮ ቤት። እጅጌውን የሚስብለት አጠገቡ አልነበረም። ስልኩ ደረቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ልጄ ያለ ቀኗ የደወለችው የምሥራች ቢኖራት ነው ብሎ አሰበ። ማርገዝሽን ያውቃል፤ ወር መቁጠር ግን አያውቅም። ወለደች ብሎ ነው፣ እታለም። ለግቢው ልጆች ከረሜላ ይዞ ገባ። “ልጄ ተገላገለች!” እያለ ለእያንዳንዱ በር አዳረሰ። በምን ሰማኸው ብዬ በእጄ ብጠይቀው ደረቱን መታ መታ አደረገ። እኔም ሞኟ ቀኑ ገና አልነበረም እንዴ እያልኩ፣ ደስታውን መንካት ፈርቼ አመንኩት። ወንድ ይሁን ሴት ልጠይቅሽ እሑድን ጠበቅሁ። አልደወልሽም። በሚቀጥለውም አልደወልሽም። እሱ ግን “አራስ ናት፣ ምን ጊዜ አላት” እያለ ያጽናናኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል የመሰለኝን አደረግሁ፤ ስልኩን ይዤ፣ እሱንም ይዤ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድን። ስልክ በመርፌና በመቆንጠጫ ስለሚከፍት ዶክተር ነው የሚሉት። ሰውየው ቀልደኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረኝ አንገቴ የሚሰበር መሆኑን ታውቂያለሽ። በቀን ስንቴ ይደውላል አለኝ። አይደውልም አልኩት። መልእክትስ ይጽፋል አለ። ፊደል አልቆጠረም አልኩት። ፎቶ? አያነሳም። ሙዚቃ? አንገቴን ደፋሁ። “ታዲያ ይሄ ስልክ ለአባትሽ ምን ሊሆናቸው ነው፣ ጢም መላጫ መስታወት?” አለና ራሱ በቀልዱ ሳቀ። አባባም የሰማ እንዲመስል አብሮ ሳቀ።

ሲበራ የአንቺ ፎቶ መስታወቱን ሞልቶ ወጣ። አባባ የዱቄት ብናኝ ያረፈበት መስሎት በእጅጌው ጠረግ ሲያደርገው ፎቶሽ ሸርተት ብሎ ጠፋ፤ ሌላ ነገር መጣ። ደነገጠ። “የት ሄደች?” አለኝ። ዶክተር ፎቶሽን መለሰለትና በጣትዎ ቀስ አድርገው ይንኩት አለው በምልክት። አባባ ነካው፤ ምንም የለም። ጫን አለው፤ ምንም የለም። የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር የኖረ ጣት ነው፣ ቆዳው ራሱ ድንጋይ ሆኗል፤ መስታወቱ ጣት መሆኑን አላወቀለትም። በምላሱ አርሶ ሞከረ። ዶክተር ከራሱ ስልክ ደወለለት፤ አረንጓዴውን ክብ እንደ ሰው በር አንኳኳው እንጂ መግፋት አልሆነለትም፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ኪሱ ውስጥ አስገብተን እንደገና አስደወልነው። ለደረት ኪሱ ስለማይበቃ ኮቱ የጎን ኪስ ውስጥ ከተተው። ያ ትልቅ ስልክ ሲንቀጠቀጥ እንደ ዝንብ ነው፤ አልተሰማውም። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ መቼ ነው የምትደውሉት ይለኛል።

አሮጌው የቁልፍ ስልኩ እንዲህ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሲደወል እየተንፏቀቀ ወለል ላይ ይወድቃል። ደረቱ ላይ ሲሆን አጥንቱን ያንቀጠቅጠዋል። አረንጓዴው ቁልፍ ቀለሙ ቢለቅም አውራ ጣቱ ጉድጓዱን ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ ዶክተር በምስል ደወለለት፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ራቅ ብሎ ቆሞ። ምስሉ መጣ፣ ደረቀ፣ እንደገና መጣ። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ እንዲህ ነው አለ ዶክተር፤ አፍ ይከፈታል፣ ሳይዘጋ ይደርቃል። አባባ መስታወቱ ላይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ ማንም እጅጌውን ሳይስበው “ተመስገን” አለ። ሰውየው አሜን አለው። እኔ ግን ከዚያ ቤት ሮጬ ብወጣ በወደድኩ።

መንገድ ላይ አባባ ቆም አለና “ይሄ አይሆነኝም። ፊቷን እያየሁ ላታልላት? በድምፅ ይሻላል፣ ቢያንስ አታየኝም” አለኝ። የሆነውን ገና አላወቀም ነበር።

ማታውኑ ነገርኩት። ግቢያችን በቆርቆሮ የተከፋፈለ ነው፤ እሱ እንዲሰማኝ ብጮህ ገመናሽን መንደሩ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተጮኾ አይነገርም። ስለዚህ በእጄ ነገርኩት። ክንዶቼን እንደ ሕፃን ማቀፊያ አድርጌ ወዘወዝኩ፤ አወቀው፤ ፈገግ አለ። ከዚያ ክንዶቼን ዘረጋሁና ባዶ መሆናቸውን አሳየሁት። ፈገግታው ወዲያው አልሄደም፣ እታለም። መሄጃ ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ የድምፁን ልክ ስለማያውቅ ከፍ አድርጎ “እኔስ ምን አልኳት?” አለ። ከቆርቆሮው ወዲያ ያሉት ወሬያቸውን አቆሙ። እጅጌውን ያዝኩና ወደ ታች ሳብኩት። “አይዞሽ” አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

ጠዋት ስነሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አሮጌውን ስልክ እያገላበጠ አገኘሁት። “ተመስገን ነው ያልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ” አለ። አዲሱን ላሳየው ስል እጄን መለሰው። “በምን ዓይኔ አያታለሁ? መልሺላት” አለኝ። ወፍጮ ቤትም ነገር ተበላሽቷል። የሞተሩ ቀበቶ ሲበጠስ ሳይሰማ ቀርቶ ባለወፍጮው አየበት፤ አሁን የሚፈጨው ሌላ ሰው ነው፤ አባባ ዱቄት ይጠርጋል። አክስታችን “አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” ብላ ተረተችበት፤ ደግነቱ አልሰማትም።

ታዲያ ስልኩን ምን አድርጌ ወሰንኩ ብትዪኝ፣ ለአባባ አይሆነውም። እሱ በስልክ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ያ አሮጌው ይሠራዋል፣ አዲሱ አይሠራውም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቱን አልጥልበትም። አክስታችን “አንቺ ያዢው፤ ከሰው መነጋገር ትለምጂበታለሽ” አለችኝ። አልዋሽሽም፣ ሹራብሽ ውስጥ እንደተጠቀለለ ትራሴ ሥር አሳድሬው ፎቶሽን እያበራሁ አይቻለሁ። ግን ማን ይደውልልኛል? እኔስ ማን ጋ እደውላለሁ? ለአንቺ እንዳልል፣ ይህን ሁሉ በድምፄ ልነግርሽ ብሞክር ገና እንደምን አለሽ ላይ አለቅስ ነበር። ልሸጠውም አንጀቴ እንቢ አለኝ። በዚያው ሹፌር መልሼልሻለሁ፤ አንቺ ሽጪውና ለሰውነትሽ አድርጊው። ሹራቡን ግን አስቀርቻለሁ፤ አትቀየሚኝ።

ቅርታሽ ይወጣል ብዬ አልጽፍልሽም። ያ ቃል አንዴ ጆሮሽ ገብቷል፤ እሱ አለመስማቱ አንቺ የሰማሽውን አያወጣውም። አባባም ጆሮው አይመለስም፣ ያሳየሁት የጆሮ ሐኪም ቁርጡን ነግሮኛል። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ጋር ሁለት ቃል በትክክል የምትነጋገሩበት መንገድ የለም። ፈልጌ አጣሁት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እሑድ ሲሆን አሁንም ከደጅ ተቀምጦ እጁን ደረት ኪሱ ላይ ያደርጋል። አንዳንዴ ሳይደወል ብድግ ይልና ስልኩን ያወጣዋል፤ ጨለማ ሆኖ ሲያገኘው መልሶ ይከተዋል። የራሱ ልብ ነው የሚያታልለው። ስለዚህ እታለም፣ ከቻልሽ ደውይ። ምንም አትናገሪ፤ እንዳያነሳው እኔ እጁን እይዘዋለሁ። ምንም እንዳይልሽ፣ ምንም እንዳትሰሚ። ጥሪው እስኪያበቃ ብቻ ደረቱ ላይ ይንቀጥቀጥለት። እሱ ይበቃዋል አልልም፤ የቀረው ግን እሱ ነው። ካልቻልሽም አልፈርድብሽም።

ባለቤትሽን ጋሼን እጅ ነስታለች በይልኝ፤ ሐዘኑ የእሱም እንደሆነ አውቃለሁ። አማትሽን እማማን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ አንቺን ስላስታመሙልኝ እድሜ ይስጣቸው። ትንሿን የባልሽን እህት ጉንጯን ሳሚልኝ። ከዚህ ቤት አክስታችን ደህና ሁኚ ብላለች፤ ትሪው ስለተመለሰ ቅር ብሏታል። ከረሜላ የበሉት የግቢው ልጆች ሕፃኑ ማን ተባለ እያሉ ይጠይቁኛል። አባባን ለእታለም ምን ልበልልህ ብዬ በእጄ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበና ምንም እንዳትይ አለኝ።

ታናሽሽ

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከአባባ ቤት
ኅዳር 19 ቀን